የወርቅ ጉድጓድ ማስተንፈሻ አለው?

ትናንት ማታ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ነገ ወደ መንጌ ወርቅ ቁፋሮ ልሄድ ነው" ብሎ ጻፈልኝ። አሶሳ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ እኔም እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

9ኛ ክፍል እያለ ስለ ግፊት ሳስተምር አንድ ታሪክ ነግሬያቸው ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1815 እንግሊዝ አገር፣ ደርሃም ውስጥ፣ በአንድ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከኋላው በሁለት የብረት እግሮች እየተገፋ የሚሄድ የእንፋሎት ባቡር ነበር። ሰው ሊያየው ተሰብስቦ ሳለ ቦይለሩ ፈነዳ። ቢያንስ 13 ሰው ሞተ።

ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። መውጫ ካጣ ብረቱን ይቀደዋል። ለዚህ ነው ቦይለር ማስተንፈሻ የሚደረግለት። በዚያ ዘመን ግን ጉልበት እንዲጨምር ብለው ማስተንፈሻው ላይ ክብደት የሚጭኑበት፣ የሚያስሩትም ነበሩ። "ትንሽ ብቻ" እያሉ።

በ1803 ደግሞ ግሪኒች ላይ የሪቻርድ ትሬቪቲክ ሞተር ፈንድቶ 4 ሰው ገድሏል። ጠባቂው ልጅ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ነበር። ትሬቪቲክ ልጁን ወቅሶ ብቻ አልተወውም። ከዚያ በኋላ ሁለት ማስተንፈሻ አደረገ፤ ቦይለሩም ላይ በእርሳስ ብረት የተደፈነ ቀዳዳ ጨመረ። ውሃው ሲጎድል እርሳሱ ይቀልጥና እንፋሎቱ ይወጣል። ሰው ቢዘናጋ እንኳ የሚያድን ነገር አበጀ ማለት ነው።

ይሄኔ ያ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ የወርቅ ጉድጓድስ ማስተንፈሻ አለው?" ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ታላቅ ወንድሙን የበላው የጉድጓድ ናዳ ነው። "ጥሩ ጥያቄ ነው" ብዬ ሳልመልስ ደወል ተደወለ።

ዛሬ ልመልስልህ። የለውም ወንድሜ። ጉድጓድ እንደ ቦይለር አያፏጭም። ማስተንፈሻው አንተው ነህ። ዝናብ ከጣለ አትግባ። ከሥር ወደ ጎን እየቦረቦርክ አትሂድ። ያወጣኸውን አፈር ከአፋፉ አርቀህ ድፋ። ከላይ የሚጠብቅህ ሰው ሳይኖር አትውረድ። "አንድ ባልዲ ብቻ" ሲሉህ ያኔ ውጣ።

"አትሂድ" ብዬ ልጽፍለት ነበር። ግን ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ እናቱን ማን እንደሚያበላም አውቃለሁ። እናንተም ክረምቱን ወደ ሸርቆሌና ኩርሙክ ለቁፋሮ የምትሄዱ፣ ይህ ለእናንተም ነው።

አንተ ልጅ፣ ማታ ማታ እደውልልሃለሁ። ስልክህን አንሳ።