ሰው ድንኳን ውስጥ እያደረ በርገር?

መቐለ ውስጥ ሞቅ ያለ ካፌ ያየ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የሰባ ካሬ የተፈናቃዮች መጠለያ ያለው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ከጦርነቱ በፊት የራሳቸው ቤትና ማሳ የነበራቸው ሰዎች ከፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላም ዓመታት በመጠለያ ገፍተዋል። ይህ እያለ በርገርና ጀላቲ ነውር አይሆንም ወይ?

ከመፍረድ በፊት ወደ አንዱ ቤት ጠጋ ብሎ ማየት ይሻላል። ለምሳሌ ወደ ሓድነት።

ሓድነት ከመቐለ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው፤ ስሙ በትግርኛ አንድነት ማለት ነው። እዚህ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው በርገርና ጀላቲ ቤት ብዙ ንብረት የለውም። በረንዳ ላይ ጥቂት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ መጥበሻ፣ የጀላቲ ማሽን፣ አንድ ትልቅ ፍሪዘር። ደንበኛው ሁሉ «ኣደይ» የሚላቸው እናት ሒሳብ ይይዛሉ። አባት በጠዋት ወተትና ዳቦ ያመጣሉ። ትልቁ ልጅ ሥጋ ይጠብሳል፤ ታናሽ እህቱ ከትምህርት ቤት መልስ ታስተናግዳለች። ነገሩ የፍቅር ብቻ አይደለም። ገበያ ሲጠፋ ደመወዝ ሳይጠይቅ የሚቆይ ሠራተኛ ከቤተሰብ ውጭ አይገኝም።

በርገሩ ስሙ የውጭ ይሁን እንጂ አገሩን ለምዷል። «ስፔሻል» ካሉ እንቁላል ይጨመርበታል፤ ችፕሱ ላይ ሚጥሚጣ የሚነሰንስም አለ። የቀን መቁጠሪያውም የአገር ነው። ረቡዕና ዓርብ መጥበሻው ያርፋል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የፍልሰታ 15 ቀን ሲመጣ አብዛኛው ደንበኛ ሥጋም ወተትም አይነካም። ያኔ ቤቱ በአትክልት ሳንዱችና በጭማቂ ነው የሚቆየው። ክረምት ላይ ደግሞ በለስ አለ። መንገድ ዳር ተልጦ የሚሰጠውን በለስ አልፎ ጀላቲ የሚገዛ ልጅ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጀላቲው ነው። ቆሎ ይቀመጣል። የጥሕሎ ገብስም ይቀመጣል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ይወጣል። ጀላቲ ለክፉ ቀን አይቀመጥም። የዛሬ መብራት፣ የዛሬ ወተት፣ ኪሱ ውስጥ ትርፍ ብር ያለው የዛሬ ደንበኛ ይፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቀልጦ ይፈሳል።

በትግራይ ሦስቱም በአንድ ጊዜ የጎደሉበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። ከሰኔ 2013 በኋላ ክልሉ ከባንክ፣ ከስልክና ከብሔራዊው የመብራት መስመር ተቆርጦ ቆየ። ሰው ባንክ ያስቀመጠውን የገዛ ገንዘቡን ማውጣት አልቻለም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ መቐለ ኅዳር 27 ከመብራት መስመሩ ጋር ተገናኘች፤ ታኅሣሥ 19 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ተመለሰ። ለፖለቲከኛው ይህ የስምምነቱ አፈጻጸም ነው። ለባለፍሪዘሩ ቤተሰብ ደግሞ እንደገና ሥራ መጀመር ይቻላል ማለት ነበር።

በምን ገንዘብ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመረው። ከጦርነቱ በፊት የተበደረ ነጋዴ ማሽኑ ሲቆም ወለዱ አልቆመለትም። የትግራይ ነጋዴዎች ከሰላሙ በኋላ ደጋግመው ያሰሙት አቤቱታ ይኸው ነው። ባንኮችም «ያበደርነው የአስቀማጮችን ገንዘብ ነው» ቢሉ እውነታቸውን ነው። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የማሽኑ መለዋወጫ፣ ዘይቱ፣ የጀላቲው ቅመም ከውጭ ነው የሚመጣው። የበርገሩን ዋጋ እዚያው ልክ ቢሰቅሉት ደግሞ ደንበኛው ይቀራል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለስ። ይህ ቤት ቢዘጋ ከመጠለያ ወጥቶ ወደ ቀዬው የሚመለስ አንድም ሰው የለም። የሚቀርባቸው ግን ብዙ ናቸው፤ ወተት አቅራቢው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሥጋ ሻጩ፣ አትክልት የምትቸረችረው። መጥበሻው ላይ የቆመው ልጅ ደግሞ ሥራ ካጣ ቀጣዩ መንገዱ አይጠፋንም። ስንት የትግራይ ወጣት በሊቢያና በየመን በኩል ወጥቶ ቀርቷል።

ነውሩ ያለው በርገሩ ላይ አይደለም። ነውሩ ተፈናቃዩን በድንኳን ማቆየቱ፣ አነስተኛ ነጋዴውን ደግሞ ባልሠራበት ዘመን ወለድ ማነቁ ነው። የጦርነት ኪሳራ የአገር ኪሳራ ነው፤ መንግሥት፣ ባንክና ተበዳሪ እንደ አቅማቸው ይካፈሉት። በሚሊዮኖች የተበደረው ባለሆቴልና በአንድ ፍሪዘር የሚኖረው ቤተሰብም በአንድ ሚዛን መለካት የለባቸውም። የተፈናቃዩ መመለስና የነጋዴው መቋቋም ደግሞ ተራ የሚጠባበቁ ጉዳዮች አይደሉም። ዛሬ መጥበሻው ከጠፋ ነገ ከመጠለያ የሚወጣው ሰው የሚቀጠርበት ቤት አያገኝም።

መቐለ የደረሰ ሰው ወደ ሓድነት ጎራ ይበል። ሳያፍር ይብላ፤ ጾም ካልሆነ ጀላቲም ይጨምር። ሲከፍል ግን ኣደይን «ብድሩስ እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃቸው።

ቸር ያሰማን።