ድካም ከወዴት ይመጣል?

አንባቢ ሆይ፤ ቀኑን ሙሉ ከወንበር ሳትነሣ ደብዳቤ ስታረቅቅ ወይም ለፈተና ስታጠና ከዋልህ በኋላ፥ ወደ ቤትህ የሚያወጣው ዳገት ከወትሮው የረዘመ መስሎ ታይቶህ አያውቅምን? እግርህ ሲያርፍ የዋለ ነው፤ ታዲያ ምን ሠርቶ ደከመ? «ተቀምጦ ውሎ ደከመኝ ይላል» እያሉ የሚሥቁብን ብዙዎች ናቸውና፥ ነገሩን መርምረን መልስ ብናዘጋጅላቸው መልካም ነው።

ጡንቻ በገዛ ፈቃዱ አይንቀሳቀስም፤ ትእዛዝ ይጠብቃል። ትእዛዙም ከአንጎል ተነሥቶ በህብለ ሰረሰር ይወርድና በነርቭ በኩል ወደ ጡንቻው ክሮች ይደርሳል። ክሮቹ ሁሉ ግን ባንድ ጊዜ አይጠሩም። ስኒ ስታነሣ ትንንሾቹ የነርቭ ሕዋሳት የሚያዝዟቸው ክሮች ብቻ ይበቃሉ፤ የነዚህ ጕልበት ጥቂት፥ ትዕግሥታቸው ግን ብዙ ነው። ውሃ የሞላ ባልዲ ስታነሣ ትልልቆቹ ይጨመራሉ፤ እነርሱ ኃይለኞች ቢሆኑም ቶሎ ይዝላሉ። (በመሥሪያ ቤትም ለዕለት ሥራ አስቀድሞ የሚጠራው ታናሹ ጸሐፊ መሆኑን አንተው ታውቀዋለህ።)

አንጀሎ ሞሶ የተባለው የቱሪን ከተማ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. ስለ ድካም መጽሐፍ አሳተመ። የሠራው መሣሪያ ክንድን አጥብቆ ይይዝና አንዱን ጣት ብቻ በገመድ የተንጠለጠለ ክብደት ደጋግሞ ያስነሣል፤ እያንዳንዱም ማንሣት በወረቀት ላይ ይሣላል። በዚህ መሣሪያ ተማሪዎችን ሲፈትን የዋለ መምህር ቢመዘን፥ ጣቱ ሥራ ሳይሠራ ውሎ ሳለ ከፈተናው በፊት ከነበረው ይልቅ ፈጥኖ ዛለ። ተማሪ የሆንህ አንባቢ ሆይ፥ ፈተና የሚያደክመው አንተን ብቻ አለመሆኑን እወቅ!

በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በዌልስ አገር 16 ሰዎች 90 ደቂቃ አሳብ የሚያደክም ሥራ ሠርተው ባንድ ቦታ በቆመ ብስክሌት ላይ ቢወጡ፥ ፊልም ሲያዩ ቆይተው ከወጡበት ቀን ይልቅ ቀድመው አቆሙ። ጥረቱ ገና ከመጀመሪያው ከብዷቸው ነበር።

ይህን ስል ጡንቻ ራሱ አይደክምም ማለቴ አይደለም። ሜርተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1954 ዓ.ም. የአውራ ጣትን ጡንቻ እስኪዝል ካሠራ በኋላ ነርቩን በኤሌክትሪክ ቢነካው ጕልበቱ አልተመለሰም፤ ድካሙ በጡንቻው ውስጥ ነበረ። ከርሱ በኋላ የመጡት መርማሪዎች ግን የደከመ ጡንቻ በኤሌክትሪክ ሲነካ ጥቂት ጕልበት ሲጨምር አይተዋል፤ ይኸውም ትእዛዙ ራሱ ቀንሶ ነበር ማለት ነው። እንደ እኔ አስተያየት ከሚሥቁብን ሰዎች ጋር ለመከራከር ይህ አንድ ማስረጃ ብቻ ይበቃል።

ኢካይና ስታይንሃውስ የተባሉት መርማሪዎችም በ1961 ዓ.ም. ሰዎችን ባላቸው ኃይል ሁሉ በክንዳቸው እንዲስቡ ሲያዝዙ፥ ሳቢው እየጮኸ በሳበ ጊዜ ጕልበቱ በረታ። ጡንቻው ያው ነው፤ የተለወጠው ትእዛዙ ነው። የአገራችን ሰዎች ከባድ ግንድ ሲያነሡ ባንድነት «ሆ!» የሚሉት፥ ደቦ ወጥተው ሲያጭዱም በዜማ የሚቀባበሉት፥ ይህን ከማንም መርማሪ ሳይጠይቁ ነው።