ቡርጅ ሐሙድ በጸደይ፦ ተራራ ታይቶ የሚለበስበት ሰፈር

ከቤሩት መሃል ወደ ምሥራቅ ሄደው የቤሩትን ወንዝ ሲሻገሩ ቡርጅ ሐሙድን ያገኛሉ፤ ትንሽ አለፍ ሲሉ ዶራን። እሑድ እሑድ በሁለቱም አማርኛ ጮክ ተብሎ ይወራል። እንጀራ የት እንደሚሸጥ፣ ገንዘብ የት እንደሚላክ፣ ሰርቪስ የሚባለው የጋራ ታክሲ የት እንደሚያዝ እዚያ የዋለ ሁሉ ስለሚያውቀው አልደግመውም። እኔ ለዓመታት የወደድኩትና ብዙ ሰው የማያነሳው የሰፈሩን ሰማይ ነው። ሰፈሩ ባሕር ዳር ቢሆንም አየሩን የሚያዘው ተራራው ነው፤ በተለይ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ።

ዶራ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አይልም። በመኪና ወደ ላይ ሲወጣ ግን 20 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ብሩማና ላይ ከ700 ሜትር በላይ ይደረሳል፤ ከዚያ ቢክፋያ ይከተላል፤ ከሁሉም ጀርባ የሰኒን ተራራ 2,628 ሜትር ላይ ቆሟል። ከባሕር የሚነሳው እርጥብ አየር ይህን ዳገት ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጉም ሆኖ ይዘንባል። በጸደይ ደግሞ በሰሜን አፍሪካ በኩል የሚመጣው ዝቅተኛ የአየር ግፊት ከፊቱ ኸምሲን የሚባለውን የበረሃ ትኩስ ነፋስና አቧራ እየነዳ ይደርሳል። እሱ ሲያልፍ የባሕሩ ብርድ ይተካል። በሰዓታት ውስጥ ሙቀቱ ከአሥር ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል።

እኔ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን የተማርኩት ሰፈሩ «እትዬ» ከሚላቸው እናት ነው። ሊባኖስ ሲገቡ ሥራ የጀመሩት ብሩማና ላይ ነበር፤ አሁን ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ በተከራዩት ክፍል እንጀራ ይጋግራሉ። ወሬ ይወዳሉ፣ ስለ አየር ሲጠየቁ ደግሞ ይብስባቸዋል። «ልጄ፣ የመጋቢትን ፀሐይ አትመን፤ ሰኒንን እይ። ነጠላውን ከተከናነበ ልብስህን ከገመድ አውርድ» ይሉኛል። ሊባኖሳውያን ጎረቤቶቻቸውም ትልልቁን ከሰል ለመጋቢት አስቀምጡ እንደሚሉ ይነግሩኛል።

ሰሙነ ሕማማት የእትዬን ምክር ያረጋግጣል። የአንዱን ዓመት ላንሳ። ሰኞ ሰማዩ ቢጫ ሆኖ ነጋ፤ የበረንዳው መጋረጃ ሁሉ በትኩስ ነፋስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማክሰኞ አቧራውና ዝናቡ አንድ ላይ ወረዱና መስኮቱን፣ መኪናውን፣ የተሰጣውን አንሶላ ቀይ ጭቃ አለበሱት። ይህ በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶች ምን እንደሆነ እትዬ ያውቁታል። «ጠዋት ያጠብሽውን መስኮት ከሰዓት ደግመሽ ታጥቢዋለሽ። ማዳም ሰማዩን አትቆጣም፤ አንቺን ነው የምትቆጣው» አሉኝ። ረቡዕ ነጎድጓድና በረዶ ጣለ፤ የቡርጅ ሐሙድ ጠባብ መንገዶች ውሃ ሞሉ። ሐሙስ ጠርቶ ሲነጋ ግን ቢጫው ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ፣ ሰኒን እንደገና በበረዶ ነጥቶ ከወንዙ ድልድይ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። በዚያች ጠዋት ከዚያ ድልድይ የበለጠ የሚያምር ቦታ ቤሩት ውስጥ የለም፤ ይህን ስል አላጋነንኩም።

ያ በረዶ ለዓይን ብቻ አይደለም። የሊባኖስ ተራራ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ የሚቀልጠው ውሃ ወደ ውስጥ ሰርጎ በምንጭ ይወጣል፤ የቤሩት የመጠጥ ውሃ ትልቁ ክፍል የሚመጣው እንዲህ ካለው ከጄይታ ምንጭ ነው። ከተማው በነሐሴ የሚጠጣውን ይህ የተዘበራረቀ ጸደይ ያስቀምጥለታል።

ዓርብ ስቅለት ነበር፤ ተራራውን ጉም ዋጠው። የእኛ ፋሲካ ከሊባኖስ ሩም ኦርቶዶክሶች ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል፣ ጾሙን ሰፈር ውስጥ ብቻችንን አንጾምም። ቡርጅ ሐሙድን ያቀኑት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ አርመኖች ናቸው፤ መንደሮቹን ጥለዋቸው በመጡት ከተሞች ስም ማራሽ፣ ሲስ፣ አዳና ብለው ሰየሟቸው። ለስደተኛ ቦታ የሚሰጥ ሰፈር ቤሩት ውስጥ ምረጥ ብባል፣ ሌላ አልፈልግም።

በፋሲካ ማግስትም ሆነ ከዚያ በኋላ ባሉት እሑዶች ብዙዎቻችን የምንሄደው ሐሪሳ ነው። ከጁኒየ ባሕር ሰላጤ በላይ ተራራ ጫፍ ላይ የቆመው ነጩ የእመቤታችን ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1908 ተመረቀ፤ ከታች የሚያወጣው የገመድ መኪና ከ1965 ጀምሮ ይሠራል። እህቶች ነጠላ ለብሰው ጠመዝማዛውን ደረጃ ይወጣሉ፤ ሻማ ያበራሉ፣ ስለት ይሳላሉ፣ ስልክ አውጥተው ለእናታቸው ያሳያሉ። ጉም ሲመጣ ሰላጤውም ሐውልቱም ይጠፋሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ይገለጣል። የሊባኖስ ካቶሊኮች ግንቦትን የማርያም ወር አድርገው ያከብራሉ፤ የእኛ የግንቦት ልደታም እዚያው ወር ውስጥ ትውላለች። እትዬ ጉልበታቸው እስኪያማቸው ድረስ በየዓመቱ ይወጡ ነበር። «እዚያ ላይ ብርዱም የራሴ ነው፤ ማንም አላዘዘኝም» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ይህ ቃላቸው ስለ ሰፈሩ ከምጽፈው ሁሉ ይበልጣል። የአየሩን መለዋወጥ ማጣጣም የሚችለው ደጅ የወጣ ሰው ነው፤ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ሁሉ ግን ደጅ አይወጡም። እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው አውጥቷል፤ በ2009 የወጣው የኮንትራት ቅጽ ግን በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ይደነግጋል። ያም ሆኖ ዛሬም ሰኒንን ከወጥ ቤት መስኮት ብቻ የሚያዩ እህቶች አሉ፤ ለእነሱ ጸደይ ማለት ማክሰኞ የሚወርደው ቀይ ጭቃ ነው።

ወደ ሊባኖስ የምትመጡ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ካፖርት ሳትይዙ ተራራ አትውጡ። እዚህ እህት ወይም ልጅ ያላችሁ ደግሞ ስትደውሉላት፣ ስለምትልከው ገንዘብ ከማንሳታችሁ በፊት እሑድ ትወጣ እንደሆነ ጠይቋት።