ሰማያዊው ገጽና ቢጫው ፖስታ

ጀርመን አገር የከረመ ሐበሻ ቢጫ ፖስታ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ከፍርድ ቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት ይላካል፤ ፖስተኛው የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ይጽፍበታል፤ መቃወሚያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ነውና ቆጠራው ከዚያች ቀን ይጀምራል። ስንቱ ወገናችን ነው ሳይከፍተው ፍሪጅ ላይ አስቀምጦ እንቅልፍ ያጣው! ከፍቶ ያነበበ ሰው ግን ቢያንስ ምን እንደተጠየቀ ያውቃል።

ኮምፒውተር ድንገት ሥራውን አቋርጦ የሚያሳየው ሰማያዊ ገጽም ከዚህ ፖስታ አይለይም። ሁላችንም እናየዋለን፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው።

እኔ ፍራንክፈርት ጋሉስ ሰፈር እኖራለሁ፤ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው የካቲት አንዲት እናታችን አረፉ። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ ከመሸኘቱ በፊት ቅዳሜ ጸሎት ይደረጋል፤ የሕይወት ታሪካቸውን አዘጋጅቼ የማነበው እኔ ነኝ። ሐሙስ ማታ ልጽፍ ብቀመጥ ኮምፒውተሬ በሁለት ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ሰማያዊ ሆነብኝ።

የእህቴ ልጅ በስልክ «ጋሼ፣ ይጣሉት! ዊንዶውስ 10 እኮ አበቃለት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ነገር ግን ድጋፍ ያጣ ፕሮግራም በዚያው ምክንያት በአንድ ማታ አራት ጊዜ አይወድቅም። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ ደውዬ ብጠይቅ ደግሞ መልሱ ፈጣን ነበር፤ ሁሉን አጥፍተን እንደ አዲስ እንጭናለን። ምን ምልክት አሳየ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሐኪሙ ሳይነካኝ መርፌ የወጋኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ማጥፋቱን እሺ ያላልኩበት ምክንያት አለኝ። የዕድሩ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቃለ ጉባኤ የተጻፈው በዘጠናዎቹ የአማርኛ ፊደል ፕሮግራም ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላችን የራሱን ኮድ ይሰጥ ነበርና፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው በቪስታ ጊዜ፣ በ2007 ነው። የእኔ የድሮ ፊደል የመጣው በፍሎፒ ነበር። ያ ፊደል ከኮምፒውተሩ ከጠፋ ቃለ ጉባኤው እያለ የሚያነበው የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ፖስታውን ለመክፈት ተቀመጥኩ። ሰማያዊው ገጽ ማሽኑ ሞተ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ በልቡ ላይ ሊያርመው የማይችለው ስሕተት ሲያይ፣ መረጃ እንዳይበላሽ ብሎ ራሱን ማቆሙ ነው። ከግርጌው የምክንያቱን ስም ይጽፋል። ችግሩ ወዲያው ራሱን አጥፍቶ ስለሚነሳ ለማንበብ ጊዜ አለመስጠቱ ነው። በቅንብሩ ውስጥ ራሱን እንዲያስነሳ የሚያዘውን ምልክት አነሳሁና ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ ጠበቅሁት።

አንዴ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» አለ። ቀጥሎ «ፔጅ ፎልት»፣ ከዚያ ደግሞ «አይአርኪውኤል» የሚል መጣ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ስሙ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ፣ በተለይም አንድ ፋይል የሚጠራ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው ድራይቨር ወይም አዲስ የተጫነ ፕሮግራም ነው። በሐምሌ 2024 ዓለምን ያስጨነቀው የዚህ ዓይነቱ ነበር፤ ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ድርጅት በላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ሆኑ፤ በርሊን አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር በረራ ቆመ። (ቢል ጌትስም በ1998 ዊንዶውስ 98ን በሕዝብ ፊት ሲያስተዋውቅ፣ ረዳቱ ስካነር በሰካበት ቅጽበት መድረክ ላይ ሰማያዊ ወጥቶበታል፤ እኛ ማን ነንና!) ስሙ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ዕቃው ያደላል፤ ከዕቃውም በመጀመሪያ ወደ ራም።

ዊንዶውስ ራሱ የሜሞሪ መመርመሪያ አለው፤ ተነሥቶ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይፈትሻል። ረጅሙን ምርመራ አዝዤ ተኛሁ። ጧት የዕቃ ችግር ተገኝቷል የሚል ጽሑፍ ጠበቀኝ። የእኔ ማሽን እያንዳንዳቸው 4 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት የራም ሰሌዳዎች አሉት። የትኛው ነው? ሁለቱንም መጣል ቀላል ነበር፤ ለይቶ ማወቅ ግን ይሻላል። ገመዱን ነቅዬ፣ በእጄ ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወርድ የኮምፒውተሩን ብረት ነክቼ፣ አንዱን አወጣሁና በቀረው ብቻ አስፈተሽኩ። ደኅና ነው። ቦታቸውን ለዋወጥኩ፤ ስሕተቱ ተመልሶ መጣ። ማስገቢያው እንዳይሆን ደግሞ ጤነኛውን በዚያው ቀዳዳ ሞከርኩት፤ አለፈ። በሽተኛው ተለየ።

ዓርብ ማታ በግማሽ ሜሞሪ እያዘገምኩ የድሮውን ቃለ ጉባኤ ከፈትኩ። የ1996ቱ ላይ ሟቿ አሉ። ዕድሩ ገና ሳንቲም ባልነበረው ጊዜ አንድ ዘመድ የሌለው ወጣት ሲሞት፣ ሬሳውን ወደ አገሩ ለመላክ በየቤቱ ዞረው ገንዘብ የሰበሰቡት እርሳቸው ናቸው። የሰጠው ሰው ሁሉ ስም በተርታ ተጽፏል፤ እርሳቸው ግን የራሳቸውን ሳያስመዘግቡ ቀርተዋል። ይህን ለልጆቻቸው ነግረዋቸው አያውቁም ኖሯል። ቅዳሜ ሳነበው ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልጃቸው እዚሁ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። ግልባጩን እንድሰጣት ለመነችኝ፤ በማንኛውም ስልክ እንዲከፈት ወደ ዩኒኮድ መልሼ ላክሁላት። የቀረውንም ማታ ማታ አንድ በአንድ እየመለስኩ ነው። እስካሁን 1998 ላይ ደርሻለሁ።