ቁናው ስንት ይይዛል?

እናቴ እኛን ያሳደገችን በፍኖተ ሰላም ገበያ በቆሎና ዳጉሳ እየገዛች እየሸጠች ነው። እህል ልትገዛ ስትቀርብ ከሁሉ በፊት የምታየው እህሉን ሳይሆን ቁናውን ነበር። ገልብጣ ታቹን በመዳፏ ትዳስሳለች። ታቹ ወደ ውስጥ የተገፋ እንደሆነ፣ ሻጩ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ቁልል አድርጎ ቢሰፍርላት እንኳ አትገዛም። «መሙላቱንማ ሞልቷል፤ ስንት ይዞ ነው የሞላው?» ትላለች። እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩና የእናቴ ጥርጣሬ በሰው ፊት ያሳፍረኝ ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ግን አዲስ አበባ ላይ ታቹ የተገፋ ቁና በብዙ ገንዘብ ገዛሁ።

እንደሚታወቀው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጸ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የጥቂት ባለጸጎች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሠራተኛውም ቤት ወሬ ሆኗል። አዲሱን መግዛት የማንችል ደግሞ ያገለገለውን እናማትራለን። እኔና ባለቤቴም የሁለት ዓመት ዕቁባችንን ከብድር ጋር ደምረን ወጣን። ሻጩ መኪናውን ሲያሳየን ዳሽቦርዱ ላይ 100 የሚል ቁጥር፣ ከጎኑም 410 ኪሎ ሜትር የሚል ይነበብ ነበር። «ባትሪው መቶ በመቶ ነው» አለን። ሰውዬው ለነገሩ አልዋሸም፤ እኛ ነን የምንጠይቀውን ያላወቅን።

በአራተኛው ወር አንድ ምሽት ሁለቱን ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ ከቦሌ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ 18 በመቶ ይል የነበረው ባትሪ ዳገቱ መሐል በአንድ ጊዜ ወደ 6 ወረደ። መኪናው ጉልበቱ ከዳው፤ እየተንቀራፈፈ ጥግ ያዘ። ከኋላዬ የተሰለፈው የታክሲ ጡሩምባ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ትንሹ ልጄ «እማዬ፣ ደከመው እንዴ?» ሲለኝ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። በኋላ የተመለከተው መካኒክ እንደነገረን፣ ከባትሪው ውስጥ አንደኛው የሴል ረድፍ ከሌሎቹ ይልቅ ደክሞ ነበር። ብዙ ሴል በአንድ ላይ ተቀጣጥሎ ሲሠራ፣ ደካማው ባዶ ሲሆን ሌሎቹ ቢኖራቸውም ማኅበሩ ይቆማል።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስጠይቅ፣ ያገኘሁትን ሳነብ፣ የነገሩ ሥር አንድ ሆኖ አገኘሁት። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው መቶኛ ባትሪው ዛሬ መያዝ ከሚችለው ውስጥ ስንቱ እንደተሞላ የሚናገር ነው። ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ስንቱ እንደቀረው አይናገርም። ሩቡን አቅሙን ያጣ ባትሪም ሲሞላ 100 ነው የሚለው። ከጎኑ ያለው የኪሎ ሜትር ግምትም ቢሆን ከሰሞኑ አነዳድ የሚሰላ ነው፤ ቀስ ተብሎ በሜዳ የተነዳ መኪና ብዙ ይተነብያል፣ ዳገት የወጣ ጥቂት። በሽያጭ ወረቀት ላይ የሚጻፈውንም ቁጥር ለብቻው ማመን አይገባም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒሳን ሊፍ፣ ባለ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪው፣ በአሮጌው የአውሮፓ መለኪያ 378 ኪሎ ሜትር፣ በአሜሪካው መለኪያ ደግሞ 243 ተብሎለታል። መኪናው ያው መኪና ነው።

ባትሪ የሚያረጀው በመሥራት ብቻ አይደለም፤ በመቀመጥም ያረጃል። በተለይ ሙሉውን ሞልቶ ሙቀት ላይ ለወራት መቆም ይጎዳዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አሪዞና በረሃ የሚኖሩ የሊፍ ባለቤቶች መኪናቸው በሁለት ዓመት ውስጥ አቅሙን እያጣ መሆኑን አስተውለው አቤት ብለው ነበር። ያ መኪና የባትሪውን አቅም በ12 መስመር ያሳይ ስለነበር መስመሮቹ ሲጠፉ ለማየት ቻሉ፤ የመጀመሪያዋ መስመር ስትጠፋ ብቻ ወደ 15 በመቶ ያህል ሄዷል ማለት ነው። ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ አልነበረም። ኩባንያውም ቆይቶ የአቅም ዋስትና ጨመረ። እንግዲህ ከባሕረ ሰላጤው ሞቃት አገር ዞሮ የመጣ መኪና ስንገዛ ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን የት እንዳሳለፈውም መጠየቅ ይኖርብናል። ታክሲ ሲሠራ የኖረና ሁልጊዜ በፈጣን ቻርጀር የተሞላም እንደዚሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው ታናሽ እኅቴ ባለፈው ዓመት ስልክ ደውላ «እታለም፣ እኔም ልገዛ ነው» ስላለችኝ ነው።

እኅቴ ቡሬ ባለ አንድ ፋብሪካ ትሠራለች፤ የምትኖረው ግን ከእናታችን ጋር ፍኖተ ሰላም ነው። ጠዋት ማታ በሚኒባስ ትመላለሳለች። ከዚህም በላይ እናታችን ዓይኗን ስለሚያማት በየሦስት ወሩ ባሕር ዳር ለምርመራ መድረስ አለባት፤ መንገዱ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውቶቡስ ተጉዛ ስትመለስ ሁለት ቀን ትተኛለች። እኅቴ መኪናውን የፈለገችው ለዚህ ነው። የተጠራቀመው ገንዘብ ውስጥም የእናታችን የበርበሬ ሽያጭ ነበረበት። ያ መኪና እንደ እኔው መኪና ኮሶበር ዳገት ላይ ቢደክመው፣ በዚያ ብርድ እናቴን ይዛ እንደምትቆም ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። መንገዱ የሚረጋጋበትን ጊዜ ጠብቄ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሄድኩ። በስሙ የሰላም መንገድ ለሆነ ከተማ መንገዱን መጠበቅ እንግዳ ነገር ነው፤ ግን እንደዚያ ነበር።

መኪናው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣ ነው። ሲሠራ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ነበረው። ባለቤቱ የእኅቴ የሥራ ባልደረባ ዘመድ በመሆኑ ቀብድ ተቀብሎ፣ ውል ጽፈን፣ ለአንድ ሳምንት እንድንሞክረው ፈቀደ። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ብዙ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ግን መለመን ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የቡሬ አንድ ወጣት መካኒክ ትንሽ መሣሪያ ከመሪው ሥር ሰክቶ በስልኩ አነበበልን። የባትሪው ጤና 91 በመቶ ነው አለ። ሻጩ ደስ አለው፣ እኅቴም ደስ አላት። መካኒኩ ግን ጠንቃቃ ልጅ ነበርና «ይኼ ኮምፒዩተሩ ራሱ ስለራሱ የሚለው ነው፤ በአንዳንድ መኪና ላይ ቁጥሩን እንደ አዲስ ማስጀመር ይቻላል» አለን። የሊፍ መስመሮችም በዚሁ መንገድ ለጊዜው ሙሉ ሆነው እንዲታዩ እንደሚደረግ ሰምቼ ነበር። ከመሣሪያው የበለጠ ያመንኩት የሴሎቹን ልዩነት ነው፤ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ሴል መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ጥቂት ነበር። ልዩነቱ መታየት ያለበት ግን ባትሪው ሲያንስ ጭምር ነው፤ ሞልቶ ሳለ ሁሉም ጎበዝ ነው።

እንግዲህ ሰኞ 100 አድርገን ሞላነውና እኅቴ ሳትጨምርበት እንድትመላለስ ተስማማን። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ደርሶ መልስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማክሰኞ አብሬያት ሄድኩ። በቆሎው መንገዱን ግራና ቀኝ ውጦታል። ማንኩሳ ስንደርስ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ አንገቴን አዙሬ አየሁ። በእያንዳንዱ ደርሶ መልስ 18 በመቶ ያህል ይቀንስ ነበር። ዓርብ ማታ ከቤታችን በር ሲደርስ 10 ቀርቶት ነበር። ከ20 በታች ሲወርድ በጭንቀት ቁጥሩን ስከታተል፣ አንድ በአንድ ወረደ እንጂ እንደ እኔው ዘሎ አልወደቀም። መካኒኩም በዚያው ሰዓት መጥቶ ሴሎቹን እንደገና አነበበ፤ እኩል ነበሩ።

የቀረው ቁናውን መገልበጥ ነው። የእናቴ ቤት ቆጣሪ በግድግዳው ላይ አለ፤ እሱ ለማንም አያዳላም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ማቀዝቀዣውን ነቀልን፣ አምፖሉን ሁሉ አጠፋን፣ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፍን፣ መኪናውንም ሰካን። እናቴ የዚያን ዕለት ሊጥ አቡክታ ነበርና ምጣዱ መከልከሉን ስትሰማ ተቆጣች። እውነቷን ነው፤ በቤት ሶኬት የሚሞላ መኪና የሚስበው ኃይል ከኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ ምጣዱ አንድ ሁለት ሰዓት ሲጣድ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ መጣዱ ነው። ስለዚህ፣ እኅቶቼ፣ በኤክስቴንሽን ገመድ ከቶ አትሞክሩት፤ ወፍራም ሽቦ ያለው፣ ግራውንድ ያለው የራሱ መስመር ይኑረው።

ሌሊት አንድ ሰዓት ያህል መብራት ጠፋ። ምንም አላበላሸብንም፤ መኪናው ሲቆም ቆጣሪውም አብሮ ቆመ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው 80 ሲል ነቀልነው። ቆጣሪው 37 ኪሎ ዋት ሰዓት ጨምሮ ነበር። ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው ያህል በመንገድ ላይ በሙቀት መልክ ይባክናል፤ ባትሪው ውስጥ የገባው 33 ያህል ነው። ከ10 እስከ 80 የተጨመረው 70 በመቶ ነው። ሰባው 33 ከሆነ፣ መቶው 47 ይሆናል። ከ60 ላይ 47። መካኒኩ መሣሪያ 91 ያለው ባትሪ፣ በእናቴ ቆጣሪ 78 በመቶ ሆነ።

ማን ምን እንደነካው አላውቅም፤ ምናልባትም ኮምፒዩተሩ ራሱ ተሳስቶ ይሆናል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት በሚባለው ዓይነት ባትሪ ላይ በተለይ፣ አልፎ አልፎ እስከ 100 ካልተሞላ ኮምፒዩተሩ ግምቱን ይስታል ይላሉ ባለሙያዎቹ። የእኛም መለኪያ ቢሆን የወርቅ ሚዛን አይደለም፤ ሁለት ሦስት በመቶ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። አሥራ ሦስት ግን አይልም።

ሻጩን ቤት ጠራነውና ቡና ተፈላ። ወረቀቱን ዘርግቼ ቁጥሩን ሳስረዳው «መሣሪያው 91 ብሏል» እያለ ጸና። ዋስትና እንዳለውም ነገረን። ብዙ ፋብሪካዎች ለባትሪ ስምንት ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከ70 በመቶ እንዳይወርድ ዋስትና እንደሚሰጡ እኔም አውቃለሁ፤ ግን ያ ወረቀት መኪናው በተሸጠበት አገር ነው ወይስ በእኛም አገር የሚሠራው ስለው መልስ አልነበረውም። ይህን ጊዜ እስካሁን ዝም ብላ ቡናዋን ስትቀዳ የነበረችው እናቴ ቀና አለች።

«ልጄ፣ ቁናህ መጥፎ አይደለም። ግን ከአሥሩ ስምንት አይሞላም። የአሥሩን ዋጋ አትበለኝ።»

ሰውዬው ተቆጥቶ ቁልፉን ይዞ ሄደ። እኅቴ አለቀሰች፤ እኔንም «ምነው ባልመጣሽ» አለችኝ። ያን ሌሊት እኔም ስለ ራሴ ተጠራጠርኩ፤ ባትሪው ለእሷ ሥራ እንደሚበቃ አውቅ ነበርና። ሃምሳ ኪሎ ሜትር በ18 በመቶ ማለት ከሙሉ እስከ ባዶ 270 ወይም 280 ነው፤ ባሕር ዳር ያደርሳል። እንዳረጀ ብቻ ተቆጥሮ ይሸጥልን ነው ያልነው። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ራሱ ደወለ። ያወረደው ዋጋ እኛ የጠየቅነውን ያህል ባይሆንም ደህና ነበር፤ ተፈራረምን። የተረፈው ገንዘብ ተቀመጠ፤ ባትሪው ወደፊትም መድከሙ አይቀርምና።

የመጀመሪያው የባሕር ዳር ጉዞ ላይ እኔ አልነበርኩም። እኅቴ በስልክ እንደነገረችኝ፣ ከቤት በ100 ተነሥተው ወደ እንጅባራ የሚወስደውን ዳገት ሲወጡ ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ ይወርድ ነበር፤ እሷ ላብ አጥምቋት፣ ሙቀት ማሞቂያውን አጥፍታ፣ በብርዱ ትነዳለች። እንጅባራ ሲደርሱ 70 ነበር። ከዚያ ወደ ጣና ሲወርዱ መንገዱ ራሱ እየመለሰላት ቁጥሩ ረጋ፤ ሆስፒታሉ በር ላይ 42 ቀርቶ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከጎኗ ተቀምጣ፣ የታመመ ዓይኗ ቁጥሩን አልለይ ብሏት፣ መንገዱን ሙሉ በየከተማው መግቢያ ትጠይቅ ነበር አሉ፦ «አሁንስ ቁናው ስንት ቀረው?»