ቀለበቷን ያየ ዓይን

ይምርሐነ ክርስቶስን የተሳለመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከውጭ፣ ከጥዱ መሐል፣ ከጠራራ ፀሐይ ተነሥቶ ወደ ዋሻው ሲዘልቅ መጀመሪያ የሚያየው ጨለማ ብቻ ነው። ጥቂት ቆም ሲል እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ የሠሩት ነጭ ግድግዳ ብቅ ይላል፤ ቆየት ሲል ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የተጋደመው የጥንት ሰዎች አጽም። «ዓይኔ ለመደ» እንላለን። ዋናውን ሥራ የሠራው ግን ከዓይን ጀርባ እንደ ስስ ወረቀት የተለጠፈው ሬቲና ነው። ለጨለማ የተመደቡ ሕዋሳት አሉት፤ በሙሉ ኃይላቸው እስኪነቁ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። እነሱ ሲደክሙ ነው ዳፍንት የሚመጣው። ለቀን ብርሃንና ለቀለም ደግሞ ሌሎች አሉ። ከነዚህ መካከል እጅብ ብለው ሬቲናው እምብርት ላይ የተቀመጡት ናቸው ፊደል የሚለዩት። የኔም ነገር ስለነሱ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በላስታ ሰማይ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ከልላ ዙሪያዋን ብቻ አስቀረቻት። ፀሐይ ቀለበት ሆነች! ዩኒቨርሲቲው በኮሮና ምክንያት ስለ ተዘጋ እኔም አገሬ ነበርኩ። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ አንጋጧል፤ አንዱ የራጅ ፊልም ይዟል፣ አንዱ ሳፋ ውስጥ ውኃ ሞልቶ በውኃው ያያል። ሁለቱም አይከላከሉም። ዳዊት የሚደግመው የአክስቴ ልጅ፣ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነው፣ በባዶ ዓይኑ አፍጥጦ አየ። ምን ያስፈራዋል? አላመመውማ!

ክፋቱም ይኸው ነው። ሬቲና የሕመም ስሜት የለውም። በማጉያ መነጽር ወረቀት ያቃጠልን ሁሉ እናውቃለን፣ የዓይን ሌንስም ፀሐይን ሰብስቦ እምብርቱ ላይ ያሳርፋታል። የሚጎዳው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ ብርሃኑ ራሱ ሕዋሳቱን ይመርዛል። በዘወትር ቀን ፀሐይ ገና ስታዩአት ዓይን ያስጨፍናል፤ በግርዶሽ ጊዜ ግን ብርሃኗ ስለሚደበዝዝ ሰው ደፍሮ ያፈጣል። የቀረችው ቀጭን ቀለበት ግን ያችው ፀሐይ ናት።

ማግስቱን ልጁ ዳዊቱን ገለጠና «ፊደሉ የለም» አለ። ዳርና ዳሩን ያያል፣ የሚያነበው ፊደል ላይ ጥቁር ነጥብ ተቀምጧል። መምህሩ «ስንፍና ነው» አሉ። አያቴ ዓይኑን ገልብጠው አዩና «እንደ ኮከብ ያበራል፣ ምን ሆነ ይላል? ሰው በልቶት ነው» አሉ። እንዴት ይፈረድባቸዋል? ትራኮማ ቆብ ያሳብጣል፣ ሞራ ብሌኑን ያነጣል፤ እኛ የምናውቀው የዓይን በሽታ የሚታይ ነው።

ሕክምና የሚያጠና ጓደኛዬ በስልክ አንድ ዘዴ ነገረኝ። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ላይ መሐሉን ነጥብ አደረግሁ፤ ልጁ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ነጥቡን እንዲያይ ጠየቅሁት። «እዚህ ጋ መስመሩ ጎበጠ፣ እዚህ ጋ ጠፋ» አለኝ። ቅጠል ሊጨመቅበት ነበርና አያቴን ለምኜ ወደ ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሙ በጠብታ ብሌኑን አስፍቶ ሲያይ እምብርቱ ላይ ትንሽ ቢጫ ነጥብ አገኘ። መድኃኒት አልሰጠም፤ ፈዋሽነቱ የተረጋገጠ መድኃኒት የለውምና። ብዙዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይሻላቸዋል፣ የማይለቃቸውም አሉ።

«መድኃኒት ከሌለው ስለ ምን አደከምከው?» አሉኝ አያቴ። እኔ ግን ከቅጠሉና ከአለንጋው ያስጣለው ያ ምርመራ ነው እላለሁ። ደግሞስ ሁሉም የሬቲና ሕመም «ጠብቅ» አይባልም። ድንገት ብልጭታ ካየህ፣ ጥቁር ዝንብ መሳይ ከበዛብህ፣ መጋረጃም ከጎን ከወረደብህ፣ ሬቲናህ እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ አንድ ቀን ማደርም ዋጋ ያስከፍላል። ስኳር ያለበት ዘመድ ያላችሁም፣ ደህና እያየ እንኳ በየዓመቱ ዓይኑ በጠብታ ተከፍቶ ይታይ። ደሙ እስኪፈስ ካልተጠበቀ በሌዘር ብዙ ማዳን ይቻላል።

የልጁ ግራ ዓይን በኅዳር ጠራ። በቀኙ አሁንም የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጥላ አለች፤ ሲያነብ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከፊደሉ ጎን ያያል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. እንደገና ግርዶሽ አለ፤ በኛ አገር ፀሐይ በከፊል ትሸፈናለች። ክረምት ስለሆነ ደመናው ይጋርዳት ይሆናል። እሱ ግን የግርዶሽ መነጽር ከአዲስ አበባ እንድልክለት ከወዲሁ አዞኛል፤ አንድ ለራሱ፣ አንድ ለአያቴ።