ያለ ወረቀት

ምስለ ችሎት ሲሉን መጀመሪያ ጨዋታ መስሎን ነበር። መምህራችን ዕጣ አስወጡን፤ ለኔ የተከሳሽ ጠበቃነት ደረሰኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ለደሴ ወዳጁ 8,000 ብር ያበድራል። ሁለት ሰዎች አይተዋል፤ ወረቀት ግን የለም። ወዳጅ ተብዬው «አልወሰድኩም» ብሎ ካደ።

መቸም ለተከሳሽ ጠበቃ ከዚህ የበለጠ ሲሳይ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በምስክር አይረጋገጥም፣ ጽሑፍ ያስፈልገዋል ይላል። ጦሳን እያየሁ፣ በደሴ ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ አንቀጹን ሸመደድኩት።

የችሎቱ ዕለት እማዬ ከኮምቦልቻ ተነስታ ሐረጎን ወጥታ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ተቀመጠች። እኔም የተውሶ ኮቴን ቆልፌ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሮቹ ሊሰሙ አይገባም!» አልኩ። የከሳሹ ጠበቃ ላብ በላብ ሆነ። ተፈረደልኝ፤ ተጨበጨበልኝ።

ማታ መናኸሪያ ስሸኛት ዝም ብላ ቆየች። መኪናው ሊነሳ ሲል፣ «አብሽር ልጄ፣ ጥሩ ተናግረሃል» አለችኝ። «አባትህ ትቶልን ያለፈውን ብር የወሰደው ሰውዬም እንዳንተ ያለ ተናጋሪ ነበረው።»

ይህን አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። ጎረቤት ነው ብላ፣ ቃሉን አምና ነበር ያበደረችው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መጽሐፉን መልሼ ገለጥኩት። ለካስ ያው ቁጥር 2472 ከጽሑፍ ሌላ ሁለት በር ትቷል፤ ተከሳሹ ፍርድ ቤት ቀርቦ ማመኑንና መሐላን። ይህን ክፍል አንብቤዋለሁ፤ ግን ለኔ ወገን ስለማይጠቅም ዘልዬው አለፍኩ። ተቃራኒዬም አላስታወሰውም። እማዬንም ያኔ «ይማልልኝ በይ» ያላት ሰው አልነበረም።

አያቶቻችን ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ መንገደኛው እንኳ ለዳኝነት ይጠየቅ ነበር ይባላል። የተረታው ሰው ፊቱ እዚያው ይታያል። በኛ ችሎት ግን ተረትቶ ባዶ እጁን ቤቱ የሚገባ የለም፤ ኮታችንን አውልቀን አብረን ሻይ እንጠጣለን። ስለዚህ ግማሽ አንቀጽ መዝለል ቀላል ይሆናል።

ለሚቀጥለው ልምምድ የከሳሽ ጠበቃ ያድርጉኝ ብዬ መምህሬን ለምኛለሁ። የምጠይቀውን ከወዲሁ አውቄዋለሁ፤ «ተከሳሹ ይማልልኝ!»

እማዬንም ጠርቻታለሁ። ትመጣ እንደሆነ እንጃ።